ከባትሪው በፊት ምሰሶው

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራች፣ 36 ጫማ ርዝመት ያላት የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ ከገዛን ሁለት ዓመት ሆነን። በመጪው ኖቬምበር ከካናሪ ደሴቶች ተነሥተን አትላንቲክን ወደ ካሪቢያን ለመሻገር አስበናል። ስንገዛት የመረመራት ባለሙያ ጥሩ ይዞታ ላይ መሆኗን ጽፎልናል፤ ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶችም ዝገት የላቸውም፣ ያብረቀርቃሉ። ስለዚህ ያጠራቀምነውን ገንዘብ በሊቲየም ባትሪ፣ በሶላር፣ የባሕር ውኃን በሚያጣራ መሣሪያ፣ በራዳርና በሳተላይት ኢንተርኔት ላይ ልናውል ነው። የትኛውን እናስቀድም? ኢንተርኔቱ ካለን የነፍስ አድን ታንኳና የአደጋ ምልክት አስተላላፊ የግድ ያስፈልጉናል?»

ከአምስቱ አንዱንም አያስቀድሙ። ዕቃዎቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ አንዳቸውም ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ምሰሶው እንዳይወድቅ፣ መሪው እንዳይሰበር ስለማያደርጉ ነው። ከወደብ በ1,000 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ጀልባ የሚያሳጣው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው። በ1987 የተሠራች ጀልባ ላይ ደግሞ ሦስቱም ጥያቄ ውስጥ ናቸው፤ ከጥያቄዎ የተረዳሁት ግን ሦስቱም እንደተመለሱ አድርገው እንደያዙ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምርመራው ወረቀት። ለግዢ የሚደረግ ምርመራ ዋጋ ለመደራደርና ለኢንሹራንስ የሚያገለግል ሰነድ ነው። ባለሙያው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ምሰሶውን አያወርድም፣ የተገጠመ ነገር አይፈታም፣ ከሽፋን ሰሌዳ ጀርባ ያለውንም አያይም። ሪፖርቱን መልሰው ቢያነቡት «ይህን ክፍል ለማየት አልተቻለም» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሳይኖሩበት አይቀርም። የሥራ ዝርዝርዎን ከእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ይጀምሩ። ደግሞም የሁለት ዓመት ወረቀት ነው።

አሁን ወደሚያብረቀርቁት ገመዶች። ምሰሶውን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ወጥረው የሚያቆሙት ገመዶች በአብዛኞቹ ጀልባዎች ላይ ከ19 ወፋፍራም ሽቦዎች የተገመዱ የማይዝግ ብረት ናቸው። ማብረቅረቃቸው የሚነግርዎት በቅርቡ መወልወላቸውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ገመድ የሚበጠሰው በአብዛኛው በመዛል ነው። ነፋስን ከኋላ ይዞ በሚደረግ ጉዞ ጀልባ ቀንና ሌሊት ከጎን ወደ ጎን ትዋልላለች። አንዱ ውዝዋዜ አምስት ሴኮንድ ይፈጃል ብንል፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ የጎን ገመድ ከ360,000 ጊዜ በላይ ይወጠራል፣ መልሶም ይላላል። በሳምንት መጨረሻ ከባሕር ዳርቻ ሳይርቅ ለሚዝናና ሰው ይህ የብዙ ዓመታት ድካም ነው። ኢንሹራንስ ሰጪዎች ገመዶቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጡ በብዛት የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ ገመዶች መቼ እንደተለወጡ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለዎት ከጀልባዋ ጋር እኩያ እንደሆኑ ይቁጠሯቸው።

ከሽቦው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጫፉና ሥሩ ነው። የማይዝግ ብረት ከዝገት የሚጠበቀው በላዩ ላይ በሚፈጠር እጅግ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ሲሆን፣ ያ ሽፋን ራሱን ለማደስ ኦክስጅን ይፈልጋል። ጨዋማ ውኃ አየር በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ተኝቶ ሲቀር ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ብረቱም ከውጭ ምንም ሳያሳይ ከውስጥ ይሰነጠቃል። በጀልባ ላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ገመዱ ተጨምቆ የገባበት የጫፍ መያዣ ነው፤ በተለይ የታችኛው፣ ውኃ እየወረደ ስለሚጠራቀምበት። ሁለተኛው ገመዶቹን ከጀልባዋ አካል ጋር የሚያያይዙት የብረት ሰሌዳዎች የላይኛውን ወለል አልፈው የሚገቡበት ቀዳዳ ነው። እነዚህን ሰሌዳዎች ሳይነቅሉ ሁኔታቸውን ማወቅ አይቻልም። መንቀሉ አድካሚ ነው፤ የቤት ዕቃውን፣ የግድግዳውን ሽፋን ማውረድ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ባለቤት ገመዱን አዲስ ያደርግና ሰሌዳውን እንዳለ ይተወዋል፤ አዲስ ገመድ ባረጀ ሰሌዳ ላይ ማሰር ግን ገንዘብ መጣል ነው። ይንቀሉ፣ ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም ያስፈትሹ፣ ጥርጣሬ ያለበትን በአዲስ ይተኩ። ሰሌዳው በወጣበት ቀዳዳ በኩል የወለሉ ውስጠኛ እንጨት ረጥቦ ወይም በስብሶ ካገኙት እዚያው ይጠገን።

ቢበጠስስ? አንድ ገመድ መበጠሱ ምሰሶ መውደቁ አይደለም፣ ፈጥነው ጭነቱን ወደ ሌላው ጎን ካዞሩት። ከረጅሙ ገመድ የሚበልጥ ርዝመት ያለው ዳይኒማ የሚባለው እጅግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድና መወጠሪያዎች ይዘው ይሂዱ፤ በዳይኒማ ጊዜያዊ ማሰሪያ መሥራት ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ምሰሶው ከወደቀ ደግሞ ከጎን ተንጠልጥሎ በማዕበል እየተገፋ የጀልባዋን አካል እንዳይበሳ ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ለዚህ በባትሪ የሚሠራ መቁረጫ ከብዙ ዲስኮች ጋር ከእጅ መቁረጫ ይሻላል፤ ያም ሆኖ የእጁም ይኑር።

ወደ ውኃው ስንመጣ ሰው ሁሉ ፓምፕ ይጠይቃል። ሒሳቡን እንሥራው። ከውኃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቱቦ ከመያዣው ቢወልቅና 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ክፍት ቢሆን በደቂቃ 140 ሊትር ያህል ውኃ ይገባል። በላዩ ላይ በሰዓት 7,500 ሊትር ያወጣል ተብሎ የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ፓምፕ በወረቀት ላይ እንኳ 125 ሊትር በደቂቃ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ውኃውን በረጅም ቱቦ ሽቅብ ሳይገፋ የተለካ ነው። በተግባር ግማሹን ካወጣ ይመስገን። ስለዚህ ፓምፕ ቀዳዳውን እስኪያገኙ ድረስ ጊዜ ይገዛልዎታል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። መፍትሔው ቀዳዳው ላይ ነው። ጀልባዋን ከውኃ አውጥተው በአካሏ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ ይቁጠሩ፤ የማያስፈልገውን በፋይበርግላስ ይድፈኑት። የቀሩትን የመዝጊያ ቫልቮች ይፍቱና በቢላ ይፋቋቸው። ተራ ናስ ከሆኑና የተፋቀው ቦታ ወደ ሮዝ የሚያደላ መልክ ካሳየ፣ በውስጡ ያለው ዚንክ በባሕር ውኃ ተበልቶ የቀረው የተቦረቦረ መዳብ ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ በእጅ ምት ሊሰበር ይችላል። በነሐስ ወይም ለባሕር በተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይተኩት። ከውኃ መስመር በታች ያለ ቱቦ ሁሉ ቦታው በፈቀደ መጠን በሁለት ማሰሪያ ይጠበቅ፤ በእያንዳንዱ ቫልቭ አጠገብም ልኩ የሆነ የእንጨት ውታፍ በሲባጎ ይታሰር።

ጀልባዋ ከውኃ በወጣችበት ጊዜ ኪሉንና መሪውን ያስመርምሩ። ኪል ከሆዷ በታች የሚንጠለጠለው፣ ጀልባዋ ስትጋደም መልሶ የሚያቆማት ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች የ40 ጫማ ጀልባ በሰሜን አትላንቲክ ኪሏ ወልቆ ተገልብጣ አራቱም መርከበኞቿ ሞተዋል። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ካነሷቸው ነጥቦች ዋነኛው ጀልባዋ ቀደም ሲል መሬት በነካችባቸው ጊዜያት ውስጣዊው የማጠናከሪያ መዋቅር ከአካሏ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ተላቅቆ ሊሆን እንደሚችል ነው። ጉዳቱ ከውጭ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የእርስዎ ጀልባ በቀድሞ ባለቤቶቿ ዘመን ድንጋይ መትታ እንደሆነ ማን ያውቃል? በኪሉና በአካሉ መጋጠሚያ ዙሪያ ስንጥቅ፣ በውስጥ በኩል በብሎኖቹ ዙሪያ የዝገት ፍሳሽ፣ የማጠናከሪያው መላቀቅ መኖሩን መዋቅር የሚያውቅ ሰው ይይ፤ ግዢውን የመረመረው ባይሆን እመርጣለሁ።

ውኃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞረው መሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች፣ በመሐላቸው አረፋ፣ በአረፋው ውስጥ ደግሞ ከዘንግ ጋር የተበየዱ የብረት ክንፎች ናቸው። ውኃ በዘንጉ ዙሪያ ሾልኮ ይገባና ብየዳውን ይበላዋል። ዘንጉ ይዞራል፣ መሪው ግን ባለበት ይቀራል። ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ ለሰዓታት ቡናማ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መሪው ይከፈት ወይም ይለወጥ። ለድንገተኛ ጊዜ የተሰጠውን የእጅ መሪም አንድ ጊዜ ባሕር ላይ ገጥመው ለአንድ ሰዓት ይንዱበት። ብዙዎቹ ሲገጠሙ ከአልጋ ወይም ከወንበር ጋር ይጋጫሉ፤ ይህን ማወቅ ያለብዎት ወደብ አጠገብ ሳሉ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለወዳጅ የሚታይ አዲስ ነገር አንድም የለበትም። ከዚህና ከነፍስ አድን ዕቃዎች በኋላ ለሚተርፈው ገንዘብ ግን የመጀመሪያው ምርጫዬ እርስዎ ያልጠቀሱት ነው፦ በነፋስ የሚሠራ ራስ ገዝ መሪ። ሁለት ሰው ለሦስት ሳምንት መሪ ጨብጦ መቆም አይችልም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ በትልልቅ ሞገዶች ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። የነፋሱ አንድም አይወስድም፤ ነፋሱ በበረታ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። የኃይል ጥያቄዎ ግማሹ እዚህ ላይ ይፈታል። አነስተኛ ማቀዝቀዣ በሞቃት ባሕር ላይ በቀን ከ40 እስከ 60፣ መብራቶችና መሣሪያዎች ሌላ 30 ያህል ቢወስዱ፣ በድምሩ 400 ዋት የሚሆኑ የሶላር ሰሌዳዎች የሸራ ጥላ ካልተኛባቸው በሐሩር ክልል ይህን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከዘረዘሯቸው አምስት ነገሮች መጀመሪያ የሚገዛው ሶላሩ ነው፤ ከጥሩ የእርሳስ ባትሪ ጋር እንኳ ይበቃዎታል።

ሊቲየምን አልጠላም። ከእርሳስ ባትሪ በደህና የሚወሰደው የያዘው ግማሹ ሲሆን ከሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን 80 በመቶውን መጠቀም ይቻላል፤ ክብደቱም ትንሽ ነው። ስህተቱ «አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መተካት» የሚለው የሻጮች አነጋገር ላይ ነው። ሊቲየም የሚሰጡትን ኃይል ሁሉ ሳይቆጠብ ይቀበላል፤ ስለዚህ የሞተሩ ዲናሞ ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። በመሐል የባትሪው መቆጣጠሪያ ራሱን ለመጠበቅ ግንኙነቱን በድንገት ቢያቋርጥ ደግሞ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ የዲናሞውን ዳዮዶች፣ አንዳንዴም ሌሎች መሣሪያዎችን ያበላሻል። ሊቲየም የሚገባው የዲናሞው መቆጣጠሪያ፣ ፊውዞቹና ባትሪ መሙያዎቹ አብረው ሲለወጡ ነው። ያን ሁሉ ባንድ ክረምት ቸኩሎ ሠርቶ ውቅያኖስ ላይ መፈተን አልመክርም።

የባሕር ውኃ ማጣሪያውን ለዚህ ጉዞ ይተዉት። ለመጠጥና ለምግብ በቀን አራት ሊትር ለአንድ ሰው ብንይዝ፣ ለሁለት ሰው ለ30 ቀን 240 ሊትር ነው፤ ጉዞው ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ይህ ከበቂ በላይ መጠባበቂያ አለው። 36 ጫማ ጀልባ ይህን በታንክና በጀሪካን ሳትቸገር ትይዛለች። ውኃው ቢያንስ በሁለት በማይገናኙ ታንኮች ይከፈል፤ አንዱ ቢቀደድ ወይም ጨው ቢገባበት ሌላው ይቀራል። ማጣሪያው ከ55 እስከ 60 ባር በሚደርስ ግፊት የሚሠራ፣ ክሎሪን የነካው እንደሆነ ዋና ክፍሉ የሚበላሽ፣ ሳይሠራ ሲቆይ ታጥቦ በመጠበቂያ ፈሳሽ መቀመጥ ያለበት መሣሪያ ነው። ካሪቢያን ደርሰው ለወራት መልህቅ ጥለው ሲኖሩ ይጠቅማል። ቢገዙት እንኳ ታንኩን ሞልቶ መነሣት አይቀርም።

ራዳር ዝናብ ያዘለ ድንገተኛ ነፋስ በጨለማ ሲመጣ ያሳያል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። መርከቦች እንዲያዩዎት ግን የሚያስፈልገው የጀልባንና የመርከብን ማንነትና ቦታ በሬዲዮ የሚቀበልና የሚልክ ኤአይኤስ የሚባል መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም ፍጆታውም ከራዳር ያንሳል። ኤአይኤስ ይቅደም።

አሁን ስለ ኢንተርኔቱና ስለ ነፍስ አድኑ። የሳተላይት ኢንተርኔት ለአየር ትንበያና ለሐኪም ምክር እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከጀልባዋ ኤሌክትሪክ ውጪ አይሠራም፤ በሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ ባትሪው ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ ኢፐርብ በራሱ ባትሪ ቢያንስ 48 ሰዓት ይሠራል፣ ይንሳፈፋል፣ ማንነትዎን ይዞ በቀጥታ ወደ ነፍስ አድን ማዕከላት ይደርሳል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ከጀልባዋ ጋር አሮጌ አስተላላፊ ተረክበው ከሆነ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። በ121.5 ሜጋኸርትዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሳተላይቶች ያን ድምፅ መስማት ያቆሙት በፌብሩዋሪ 2009 ስለሆነ ዋጋ የለውም። በ406 የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ምዝገባው በእርስዎ ስምና ጀልባዋ በምታውለበልበው ባንዲራ አገር መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ማዕከሉ የሚደውለው ለቀድሞው ባለቤት ነው።

ታንኳውም የግድ ነው፤ የአገልግሎት ምርመራው ቀን ያላለፈበት ይሁን። ግን መቼ እንደሚገቡበትም ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በፋስትኔት የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ 303 ጀልባዎች ተነሥተው ማዕበል መታቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ሰዎቻቸው ጥለዋቸው ከወጡት 24 ጀልባዎች 19ኙ በኋላ ተንሳፍፈው ተገኝተዋል። እየተንሳፈፈች ካለች ጀልባ አይውጡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ለሁለት ሰው ትልቁ አደጋ አንዱ በተኛበት ሌላው ከጀልባ መውደቁ ነው፤ ሌሊት ብቻውን የወደቀ ሰው የመገኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው የደኅንነት ማሰሪያ ጨርቅ በፀሐይ የሚበሰብስ ስለሆነ አዲስ ይገዛ፤ የሰውነት ማሰሪያውም ከጀልባዋ ጠርዝ ውጪ የማያስወጣ አጭር ይሁን። ከጓዳ ሳይወጡ መታሰር፣ ከገቡ በኋላ መፈታት፤ በጸጥታ ቀንም ቢሆን።

ስለ ሞተሩ አጭር ላድርገው። ለዓመታት በታንኩ ሥር የተኛ ዝቃጭ በወደብ ምንም አያደርግም፤ ውቅያኖስ ሲያናውጠው ግን ተነሥቶ የነዳጅ ማጣሪያውን ይደፍናል። ከመነሣትዎ በፊት ታንኩ ተከፍቶ ይታጠብ፣ ብዙ መለዋወጫ ማጣሪያ ይያዝ፣ ከነዳጅ መስመሩ አየር ማውጣትን ሁለታችሁም በእጃችሁ ተለማመዱ። የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፑ የላስቲክ ተሽከርካሪና ቺንጋ መለዋወጫም አይረሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ አልነሣ ብሎ ደጋግመው ሲሞክሩ የባሕር ውኃ ማስገቢያውን ይዝጉ፤ ካልዘጉት ውኃው የጭስ ማውጫውን ሞልቶ ወደ ሲሊንደሮቹ ይመለሳል። እንደ ተነሣ ወዲያው ይክፈቱት። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ከፈሰሰ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይተኛል፤ ሲሊንደሩ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ የራሱ ሣጥን ይኑረው።

የእኔ ውሳኔ ይኸው ነው። ጀልባዋ ከውኃ ትውጣ፤ ምሰሶው ይውረድ፤ ገመዶቹ በሙሉ ይለወጡ፣ ሰሌዳዎቹ ይነቀሉ፣ ቫልቮቹ፣ ኪሉና መሪው ይታዩ። ቀጥሎ ኢፐርብ፣ ታንኳ፣ ማሰሪያና ኤአይኤስ። ከዚያ የነፋስ መሪና ሶላር። ገንዘቡ እዚህ ላይ ካለቀ ይለቅ፤ ኢንተርኔቱን ከተረፈ ይግዙ፣ ሌላው ካሪቢያን ይጠብቅዎታል። ሥራው ሲያልቅ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ወደብ ሳይነኩ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ ነፋሱ 25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ያህል) በሚደርስበት ባሕር ላይ ጀልባዋን ይፈትኗት። የሚፈስሰውም የሚላላውም ያኔ ይታወቃል። ይህ ሁሉ እስከ ኖቬምበር ካልደረሰ ቀኑን ይግፉት። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚያበቃው በኖቬምበር መጨረሻ ሲሆን፣ ጀልባዎችን ወደ ምዕራብ የሚገፋው የንግድ ነፋስ የሚባለው ቋሚ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚረጋው በጃንዋሪ ነው፤ ያኔ ቢነሡ ያጡት ነገር አይኖርም።